ተጫዋችም አሰልጣኝም፦ ከባክናንግ የተነሣ አንድ የጀርመን ዝቅተኛ ሊግ እግር ኳሰኛ (የጉዳይ ጥናት)

ጉዳዩ ለምን ተመረጠ

በጀርመን ዝቅተኛ ሊጎች አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ተጫዋችም አሰልጣኝም ሆኖ መሥራቱ እንግዳ ነገር አይደለም። ጀርመኖች ለዚህ ሥራ «ሽፒለርትሬነር» የሚል መጠሪያ አላቸው። የመንደርና የትናንሽ ከተሞች ቡድኖች በአባላት የሚመሠረቱና በአብዛኛው በበጎ ፈቃደኞች የሚመሩ ማኅበራት ስለሆኑ፣ ከፍ ባለ ደረጃ ተጫውቶ የመጣን አንድ ሰው ለሁለቱም ሥራ መያዝ ለኪሳቸው ይስማማል፤ ተጫዋቹም ከሜዳ ሳይወጣ አሰልጣኝነትን ይለማመዳል። የተለመደው መንገድ ዕድሜው ወደ ሠላሳዎቹ አጋማሽ የተጠጋ ተጫዋች ይህን ሥራ ይዞ፣ ጉልበቱ እስከፈቀደለት ድረስ ተጫውቶ፣ ቀስ በቀስ ከሜዳው መራቁ ነው።

እዚህ የሚቀርበው ጉዳይ ከዚህ መንገድ ይለያል። ሰውየው ድርብ ሥራውን የጀመረው ገና በ25 ዓመቱ ሲሆን መጫወቱን ደግሞ በ30 ዓመቱ አቁሟል። ስለ እሱ በብዛት የሚነገረው ከዚያ በኋላ ስላሠለጠናቸው ታላላቅ ቡድኖች ነው፤ እኔ ግን ለሌላ ሰው የሚጠቅመው ትምህርት ያለው በእነዚያ አምስት ዓመታት ውስጥ ነው ባይ ነኝ።

በጉዳይ ጥናት ልማድ መሠረት ሰዎቹ በስም አልተጠሩም። ቡድኖቹንና ከተሞቹን መደበቅ ግን ጽሑፉን ባዶ ስለሚያስቀረው ተጠቅሰዋል፤ የጀርመንን እግር ኳስ የሚከታተል አንባቢም ባለጉዳዩን ለመለየት ብዙ አይቸገርም። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዳራ

ባለጉዳዩ በ1958 የተወለደው ከሽቱትጋርት በስተሰሜን ምሥራቅ በምትገኘው፣ በቆዳ ማልፋት ሥራዋ ስም ባተረፈችው በባክናንግ ከተማ ነው። የመከላከል ባሕርይ ያለው አማካይ ነበር። ከ1976 እስከ 1979 በሽቱትጋርት አማተር ቡድን ተጫውቷል፤ ወደ ዋናው ቡድን ግን አላደገም። ጎን ለጎንም የእንግሊዝኛና የስፖርት መምህር ለመሆን በዩኒቨርሲቲ ይማር ነበር።

ይኸው ትምህርት በ1979 ለአንድ ዓመት ወደ ደቡብ እንግሊዝ፣ ወደ ሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ወሰደው። እዚያም ሳውዝዊክ ለሚባል ትንሽ ቡድን መጫወት እንደ ጀመረ የጎድን አጥንቶቹ ተሰብረው ሳንባው ተጎዳ፤ ለረጅም ጊዜም ከሜዳ ራቀ። በእንግሊዝ ቆይታው በቀልቡ ከቀሩት ነገሮች አንዱ ተጫዋቾቹ የአሰልጣኝ ድምፅ ሳይጠብቁ በሜዳ ውስጥ እርስ በርስ እየተነጋገሩ ቦታ የሚያስተካክሉበት ልማድ ነው። በኋላ ለሚመጣው ነገር ይህ ትንሽ የማይባል ዝግጅት ነበር።

ወደ አገሩ ተመልሶ ከ1980 እስከ 1982 በሃይልብሮን፣ ከዚያም እስከ 1983 በኡልም ተጫወተ። በቡንደስሊጋው፣ ማለትም በጀርመን ከፍተኛው ሊግ፣ አንድም ጊዜ አልተሰለፈም። የተጫዋችነት ታሪኩን በቁጥር ለሚመዝን ሰው እዚህ ላይ የሚመዘገብ ብዙ ነገር የለም። በ1983 የልጅነት ቡድኑ ቪክቶሪያ ባክናንግ ተጫዋች አሰልጣኝ አድርጎ ወሰደው።

ችግሩ

ችግሩ ሁለት ነው፤ አንዱ የዘመኑ የጀርመን እግር ኳስ ችግር፣ ሌላው የድርብ ሥራው ችግር ነው።

በዚያን ጊዜ የጀርመን ቡድኖች የሚከላከሉት ሰው በሰው በመያዝ ነበር። እያንዳንዱ ተከላካይ አንድ አጥቂ ይሰጠዋል፤ አጥቂው ወደ ሄደበት ሁሉ ይከተለዋል፤ ከኋላቸው ደግሞ ሊቤሮ የሚባለው ነፃ ተከላካይ ያመለጠውን ይጠርጋል። በዚህ አሠራር የተከላካዩን ቦታ የሚወስነው ተቃራኒው ተጫዋች እንጂ ኳሱ አይደለም። አጥቂዎቹ ወደ ጎን ከተበተኑ መከላከሉም አብሮ ይበተናል። ይሁን እንጂ ጀርመን በ1990 የዓለም ዋንጫን፣ በ1996 የአውሮፓን ዋንጫ ያነሣችው በሊቤሮ እየተጫወተች ነው። ዋንጫ የሚያመጣን አሠራር ስህተት ነው ብሎ መከራከር ለማንም ከባድ ነው፤ ለአንድ ትንሽ ከተማ ቡድን የ25 ዓመት አሰልጣኝ ደግሞ የባሰ ከባድ ነው።

ሁለተኛው ችግር በሥራው ውስጥ ያለ ነው። ተጫዋች አሰልጣኝ ጨዋታውን የሚያየው ከመሬት ከፍታ ሲሆን ግማሹ ሜዳ ሁልጊዜ ከጀርባው ነው። ራሱ ሲደክም የሌላውን ድካም መመዘን ያቅተዋል። በዚያ ዘመን ሕጉ የሚፈቅደው ሁለት ቅያሪ ብቻ ስለነበር፣ ራሱን አስወጥቶ ከዳር ለመመልከት ቢወስን ከሁለቱ ዕድሎች አንዱን ያቃጥላል። እሑድ ከሰዓት በኋላ አብሮት የተሸነፈውን ጓደኛውን በሳምንቱ መካከል ከቋሚ አሰላለፍ የሚያወጣውም እሱ ነው። እነዚህ ነገሮች በየትኛውም ተጫዋች አሰልጣኝ ላይ የሚደርሱ ናቸው።

መነሻው፦ አንድ የወዳጅነት ጨዋታ

በሽቱትጋርት አቅራቢያ ሩይት በሚባል ስፍራ የስፖርት ትምህርት ቤት አለ። በ1980ዎቹ የሶቪየት ኅብረቱ ዲናሞ ኪየቭ የክረምት ዝግጅቱን እዚያ ያደርግ ስለነበር ከአካባቢው አማተር ቡድኖች ጋር የወዳጅነት ጨዋታዎች ይገጥም ነበር። ከእነዚህ አንዱ ቪክቶሪያ ባክናንግ ነበር፤ የ25 ዓመቱ ተጫዋች አሰልጣኝም በሜዳው ውስጥ ነበር።

ከዚያ በኋላ ራሱ ደጋግሞ እንደ ተናገረው፣ ጨዋታው ተጀምሮ ጥቂት ደቂቃዎች እንዳለፉ ኳሱ ለእጅ ውርወራ ሲወጣ ቆም ብሎ የተቃራኒውን ቡድን ተጫዋቾች ቆጠረ። 13 ወይም 14 ሆነው የገቡ መስሎት ነበር። ቢቆጥር 11 ናቸው።

ነገሩ ምትሃት አልነበረም። የኪየቭ ተጫዋቾች የሚከተሉት ሰውን ሳይሆን ኳስን ነበር። ኳሱ ወደ ቀኝ መስመር ሲሄድ አሥሩም ወደ ቀኝ ይሰበሰባሉ፤ በሩቁ መስመር ያለውን ተጫዋች ለጊዜው ይተዉታል፤ ኳስ የያዘው ሰው ላይ ሁለትና ሦስት ሆነው ይደርሱበታል። ይህንንም ያደርጉ የነበረው በራሳቸው ግብ አካባቢ ሲደርሱ ብቻ ሳይሆን በሜዳው ሁሉ ነበር። ስለዚህ ባላጋራቸው በየደረሰበት በቁጥር የሚያንስ ይመስለዋል።

የዚህ ጉዳይ ዋና ነጥብ እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል። ሰውየው በዚያች ቀን በተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ የሚያየው የራሱን ተጫዋቾች ስህተት ነበር፦ ያልደረሰ ቅብብል፣ የተነጠቀ ኳስ፣ የዘገየ ውሳኔ። ምናልባትም በእረፍት ሰዓት «ተረጋጉ፣ ኳሱን ያዙ» ብሎ ይመክራቸው ነበር። በሜዳው ውስጥ በመሆኑ ግን መረጋጋት የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ጊዜ በባላጋራው እንደ ተወሰደበት በገዛ እግሩ አወቀ። ድርብ ሥራው የሰጠው ትልቁ ጥቅም ይህ ነው። ብዙ ጊዜ ስለ ተጫዋች አሰልጣኝነት ሲወራ «ተጫዋቾቹ ያከብሩታል፣ አርአያ ይሆናል» ይባላል፤ ያ እውነት ቢሆንም ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው።

የተወሰዱ እርምጃዎች

የመጀመሪያው እርምጃ መመልከት ነበር። ኪየቮች በሩይት ልምምድ ሲያደርጉ ከሜዳው ዳር ቆሞ ተከታተላቸው። ከሜዳ ውስጥ የተሰማው ነገር ከውጭ ምን እንደሚመስል ማየት ነበረበት፤ ምክንያቱም በገዛ እግር የታወቀ ነገር ለሌላ ሰው ሊነገር የሚችለው ወደ ሥርዓት ሲለወጥ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ነው። በ1985 በኮሎኝ የስፖርት ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠውን ከፍተኛውን የአሰልጣኝነት ኮርስ በ1.2 ውጤት፣ ከክፍሉ አንደኛ ሆኖ አጠናቀቀ፤ በጀርመን አሰጣጥ ከሁሉ የሚበልጠው ውጤት 1 ነው። በዚያው ዓመት ባክናንግን ለቅቆ የሽቱትጋርትን አማተር ቡድን ለማሠልጠን ሄደ።

ሦስተኛው እርምጃ ከሁሉም የሚበልጥ ይመስለኛል። በቩርተምበርግ እግር ኳስ ማኅበር የአሰልጣኞች ሥልጠና አካባቢ በዕድሜ ከሚበልጠው አንድ አሰልጣኝ ጋር ተዋወቀ። ይህ ሰው ሙያው የግንባታ ምሕንድስና ሲሆን እግር ኳስን የያዘው በትርፍ ጊዜው ነበር፤ በአካባቢው አማተር ቡድኖች ውስጥ ኳስን መነሻ ያደረገ የቀጠና መከላከልን (ሰውን ከመከተል ይልቅ ቦታን መጠበቅን) ቀድሞ ይሞክር ነበር። ሁለቱ ለዓመታት አብረው ሠሩ። በ1989 እና በ1990 በተከታታይ የአውሮፓ ክለቦች ዋንጫን ያነሣውን የጣሊያኑን የኤሲ ሚላንን ጨዋታዎች በቪዲዮ ካሴት እያስኬዱ፣ እያቆሙ፣ ወደ ኋላ እየመለሱ ያጠኑ ነበር። የቪዲዮ ማጫወቻው ከዚህ ብዛት የተነሣ ተበላሸ ይባላል።

መሐንዲሱ የባለጉዳዩ አለቃም ሆነ ተጫዋች አልነበረም። ውጤቱ ቢጠፋ ሥራውን አያጣም፤ ቢሰለፍ ባይሰለፍ አይጨነቅም። በዚህ ምክንያት ተጫዋች አሰልጣኝ ከቡድኑ ውስጥ ሊያገኘው የማይችለውን ነገር፣ ማለትም ጥቅም የሌለበትን አስተያየት ሊሰጠው ቻለ።

አራተኛው እርምጃ ከውጭ ሲታይ ውድቀት ይመስላል። በ1987 የሽቱትጋርትን አማተር ቡድን ለቅቆ በባክናንግ አቅራቢያ ወዳለችው ወደ ሊፖልድስቫይለር መንደር ወርዶ እንደገና ተጫዋች አሰልጣኝ ሆነ። ከፍተኛውን የአሰልጣኝነት ፈቃድ የያዘ ሰው በመንደር ሜዳ ጫማውን ማሰሩ ለብዙዎች እንግዳ ነው። ነገር ግን አንድን አዲስ አሠራር ለመሞከር ጋዜጣ የማይከታተለው፣ ተጫዋቾቹም ጥሩ ክህሎት የሌላቸው ቡድን መጥፎ ቦታ አይደለም። የቀጠና መከላከል በቀን ሥራቸው ደክመው በሚመጡ ሰዎች ዘንድ ከሠራ፣ በባለሙያዎች ዘንድ ላለመሥራቱ ምክንያት አይኖርም።

አምስተኛው፣ በ1988 ወደ ኮርብ መንደር ቡድን ሲሄድ አሰልጣኝ ብቻ ሆኖ ሄደ። ዕድሜው 30 ነበር። በዝቅተኛ ሊግ ብዙ ዓመት ሊጫወት ይችል ነበር፤ ቡድኑም በአንድ ደመወዝ ሁለት ሰው ያገኝ ነበር። ከሜዳ መውጣቱ ግን በሌላው ሥራው ላይ ዓይኑን ሙሉ በሙሉ ለመጣል አስቻለው። በ1990 ደግሞ ወደ ሽቱትጋርት ተመልሶ የወጣቶችን ቡድን ተረከበ።

የሠራው

ውጤቱን በአጭሩ ላስቀምጥ። በ1991 የሽቱትጋርት ወጣቶች የጀርመን ሻምፒዮን ሆኑ። በ1997 የተረከበው ኡልም፣ ማለትም ከ14 ዓመት በፊት የተጫወተበት ቡድን፣ በ1998 ከሦስተኛው እርከን ወደ ሁለተኛው ቡንደስሊጋ ወጣ፤ ያለ ሊቤሮ፣ በአራት ተከላካይ መስመር እየተጫወተ። በ2002 ሃኖቨርን ከ13 ዓመት በኋላ ወደ ቡንደስሊጋ መለሰ። በ2006 ሦስት ሺህ ገደማ ነዋሪ ያላትን የሆፈንሃይምን መንደር ቡድን ከሦስተኛው እርከን ተረክቦ በተከታታይ ሁለት ዓመት ሁለት ጊዜ አሳደገ፤ በ2008 ክረምትም ቡድኑ የቡንደስሊጋው መሪ ሆኖ የመጀመሪያውን ዙር ጨረሰ። በ2011 ሻልከ በእሱ እየተመራ በሻምፒዮንስ ሊግ ሩብ ፍጻሜ ኢንተር ሚላንን በገዛ ሜዳው 5 ለ 2 አሸነፈ።

በቁጥር የጀመረው ነገር በቁጥር መቀጠሉ ያስገርማል። ባክናንግ ሳለ ሰዎችን ቆጠረ፤ በኋላ ላይ፣ በተለይ በላይፕሲግ ቡድን በሠራበት ዘመን፣ የቆጠረው ሰከንድ ነበር። ኳስ የተነጠቀ ቡድን በ8 ሰከንድ ውስጥ መልሶ እንዲነጥቅ፣ ከነጠቀ በኋላም በ10 ሰከንድ ውስጥ ወደ ግብ እንዲሞክር የሚያዝ መመሪያ ለተጫዋቾቹ ሰጠ። ይህ መመሪያ በኪየቭ ጨዋታ የተሰማው የጊዜ እጦት ወደ ልምምድ ሕግ ሲለወጥ ነው ብዬ አስባለሁ፤ በባላጋራ ላይ የሚፈጠረውን ስሜት እሱ ራሱ ቀምሶታል።

ያልሠራው

ማስረዳቱ ሁልጊዜ አልተሳካለትም። በዲሴምበር 1998 በጀርመን ሁለተኛው የሕዝብ ቴሌቪዥን ዝነኛ የስፖርት ፕሮግራም ላይ ቀርቦ በሰሌዳ ላይ የአራት ተከላካይ መስመርን አሠራር አስረዳ። ያሳየው ነገር በሌሎች አገሮች የታወቀ ነበር። በአገሩ ግን «ፕሮፌሰር» የሚል ስም አተረፈለት፤ ስሙም ሙገሳ አልነበረም። ከሁለተኛ ሊግ የመጣና በቡንደስሊጋ ያልተጫወተ ሰው ዋንጫ ላነሡት ሲያስተምር መታየቱ ብዙዎችን ከነከናቸው። ከ18 ወራት በኋላ በ2000 የአውሮፓ ዋንጫ ጀርመን በ39 ዓመት ሊቤሮ ተጫውታ በአንድ ነጥብ ከምድቧ መጨረሻ ሆና ስትመለስ ጉዳዩ ተለወጠ። እንደ እኔ እምነት ትምህርቱ ትክክል ነበር፤ ሰሌዳውና ድምፁ ግን ተማሪን እንጂ የሙያ ባልደረባን የሚያናግር ሰው ይመስል ነበር። በሜዳ ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር እየሮጠ ሲያስተካክል ይህ ችግር አይታይም ነበር፤ ከሜዳ የወጣ አሰልጣኝ የሚከፍለው ዋጋ አንዱ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

መለያየትም ከበደው። በ1999 ወደ ሽቱትጋርት እንደሚሄድ ሲታወቅ የውድድር ዘመኑ ሳያልቅ ኡልምን ለቀቀ፤ ኡልምም በሌላ አሰልጣኝ ወደ ቡንደስሊጋ አደገ። በሽቱትጋርት በፌብሩዋሪ 2001 ተሰናበተ። በሴፕቴምበር 2011 ደግሞ በድካም መዛል ምክንያት ከሻልከ አሰልጣኝነት በራሱ ፈቃድ ወረደ። ይህን የመጨረሻውን በድርብ ሥራ ላይ ለመለጠፍ የሚፈተን ሰው ይኖራል፤ ነገር ግን በዚያን ጊዜ የያዘው ሥራ አንድ ብቻ ነበር፤ ስለዚህ መለጠፉ ትክክል አይደለም።

ድርብ ሥራው በሌላ መልክ ተመልሷል። በላይፕሲግ የስፖርት ዳይሬክተር ሳለ በ2015/16 እና በ2018/19 አሰልጣኝነቱንም ደርቦ ያዘ። በመጀመሪያው ቡድኑ ወደ ቡንደስሊጋ አደገ፤ በሁለተኛው ሦስተኛ ወጥቶ ለጀርመን ዋንጫ ፍጻሜ ደረሰ፤ በባየርን ሙኒክም 3 ለ 0 ተሸነፈ። ሁለቱም ጊዜ ለአንድ ዓመት ብቻ የተያዙ፣ መጨረሻቸው አስቀድሞ የታወቀ ነበሩ። ሊፖልድስቫይለርም የቆየው አንድ ዓመት ነው።

ወደ ሌላ ቡድን የሚሻገረው

ከዚህ ጉዳይ ለአንድ ተራ ቡድን ምን ይጠቅማል ለሚለው የምመልሰው በባለጉዳዩ ልዩ ችሎታ ላይ ያልተመሠረተውን ብቻ ነው። በጀርመን ከተሞች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ለበጋ ውድድር የሚያዘጋጁት ቡድንም ሆነ በአዲስ አበባ የሠፈር ቡድን፣ አሰልጣኙ ታኬታ ለብሶ የሚገባበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም።

ተጫዋች አሰልጣኝ ከሜዳው ውስጥ የሚሰበስበው መረጃ ሌላ ማንም ሊሰበስበው የማይችል ነው፤ ግን ይጠፋል። ጨዋታው ባለቀ ሰዓት «የት ላይ ጊዜ አጣሁ? የት ላይ ብቻዬን ቀረሁ?» ብሎ መጻፍ ብዙ ወጪ የለውም። ባለጉዳዩ በአንድ የእጅ ውርወራ ጊዜ ያስተዋለውን ሳይረሳ ለዓመታት ማሳደዱ ነው ለውጡን ያመጣው።

ከሜዳ ውጭ ያለው ዓይን ምክትል አሰልጣኝ መሆን የለበትም፤ የእግር ኳስ ሰው መሆኑም ግዴታ አይደለም። ግዴታው በቡድኑ ውስጥ ቦታ የማይፈልግ መሆኑ ነው። ለመሰለፍ የሚጠብቅ ተጠባባቂ ለአሰልጣኙ «ዛሬ አንተ መውጣት ነበረብህ» ብሎ ሊነግረው አይችልም፤ ቢነግረውም አይታመንም። ዛሬ በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ የካሴቱን ሥራ ይሠራል፤ ሆኖም ከቪዲዮው አጠገብ የሚቀመጥ ሁለተኛ ሰው ከሌለ ተጫዋች አሰልጣኙ የሚያየው የራሱን ቅብብል ብቻ ይሆናል።

ዘመኑም መወሰን አለበት። ቡድኑና ሰውየው ድርብ ሥራው መቼ እንደሚያበቃ በመጀመሪያው ቀን ቢስማሙ፣ በኋላ «አርጅተሃል» ማለት ያለበት ሰው አይኖርም። ከዚህ ጉዳይ እንደምገምተው አንድ ወይም ሁለት የውድድር ዘመን በቂ ነው፤ ረዘም ያለውን የሞከሩ ቡድኖች እንዳሉ ባይካድም።

የመጨረሻው የሕግ ነገር ነው፤ ትንሽ ቢመስልም በሜዳ ላይ ብዙ ያስከፍላል። በጨዋታው ሕግ ቀይ ካርድ ያየ ተጫዋች ከሜዳው ብቻ ሳይሆን ከአሰልጣኞች መቆሚያ ክልልም መውጣት አለበት፤ አሰልጣኝ መሆኑ አያስቀረውም። ስለዚህ ተጫዋች አሰልጣኝ ሲባረር ቡድኑ በአንድ ጊዜ አንድ ተጫዋችና አሰልጣኙን ያጣል። እሱ በሌለበት ቅያሪውን ማን እንደሚወስን ከጨዋታው በፊት በመልበሻ ክፍል ውስጥ፣ ሁሉም እየሰማ፣ በስም መነገር አለበት።